ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክር ተጠያቂው ማን ነው?

አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከብዙ ጽሑፍ፣ ድምፅና ምስል ተምሮ ለሚቀርብለት ጥያቄ አዲስ መልስ የሚያቀናብር የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ቻት ጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ስታርትአፕ የሚባሉት ጀማሪ ኩባንያዎች ሥርዓቱን ከመሠረቱ ሳይገነቡ ሌላው የሠራውን እየተከራዩ አገልግሎት መስጠት ችለዋል። የሥነ ምግባሩ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ሥርዓቱን የሠራው አንዱ፣ ምክሩን የሚሸጠው ሌላው ሲሆን ጉዳቱ የሚያርፈው በተጠቃሚው ላይ ነው።

አርሶ አደሩ በስልክ ምክር ማግኘት የጀመረው ቀድሞ ነው። በ2006 ዓ.ም በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመር የሚያሰማው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀዳ መልእክት ነው። አመንጪው ሥርዓት ግን መልሱን በዚያው ቅጽበት ይፈጥራል። ቃላቱን የሚመርጠው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን በመገመት እንጂ እውነቱን በማጣራት አይደለም፤ ስለዚህ ትክክሉንም ስሕተቱንም በእኩል እርግጠኛነት ይናገራል።

ይህ በደቡብ ጎንደር ደጋ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በጉና ግርጌ ድንች የሚያመርት የፋርጣ አርሶ አደር ስለ ጸረ ፈንገስ መድኃኒት ቢጠይቅ መልሱ የሚመጣለት በሄክታር ተሰልቶ ሊሆን ይችላል። እርሱ የሚያስበው ግን በጥማድ ነው፤ በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነውና ለሄክታር የተባለውን በአንድ ጥማድ ላይ ቢረጨው አራት እጥፍ ይሆናል። በፎገራም ገበሬው የሚዘራውን ኤክስ ጅግና የተባለ የሩዝ ዝርያ ከሌላ አገር ጽሑፍ የተማረ ሥርዓት ላያውቀው ይችላል። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል እያለ መልሱን ለባለሙያ ሳያሳዩ ለገበያ ማቅረብ ቸልተኝነት ነው።

«የተናገረው ማሽኑ ነው» የሚለው ማምለጫ በሌላ አገር ተሞክሮ ውድቅ ሆኗል። የካናዳ አየር መንገድ በድረ ገጹ ያለው አውቶማቲክ መላሽ ለአንድ መንገደኛ የተሳሳተ የቲኬት መረጃ በመስጠቱ ተከሶ፣ መላሹ ለራሱ ተግባር ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ ተከራክሮ ነበር። ጉዳዩን ያየው የካናዳ የዳኝነት አካል ግን በየካቲት 2016 ዓ.ም አየር መንገዱ ካሣ እንዲከፍል ወስኗል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመረጃ ባለቤትነት ነው። አርሶ አደሩ ጥያቄውን ሲያቀርብ ድምፁን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ አንዳንዴም የማሳውን ፎቶግራፍ ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተቆጣጣሪ ያደረገው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ውል ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ማስነካት፣ በስልክ ቢፈጸምም፣ አንብቦ ለማያውቅ ሰው ፈቃድ ሊባል አይገባም።

የአማርኛ ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ጥቂት መሆኑም ስሕተቱን ያባብሰዋል። መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ልሳን የተባለው የትርጉም ኩባንያ ከኢንተርኔት ውጭ ያሉ የአማርኛና የትግርኛ ጽሑፎችንም ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ሥርዓቱን አስተምሯል። መንገዱ አድካሚና ወጪ የሚጠይቅ ነው፤ ሆኖም ጥቂት ሠራተኛ ያለው ኩባንያም ሊሄድበት እንደሚችል አሳይቷል። በኢትዮጵያም የሚሠራው ዲጂታል ግሪን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ፋርመር ቻት የተሰኘውን መተግበሪያ ያዘጋጀው ከተመረጡ የግብርና ሰነዶች ተነሥቶ እንዲመልስ አድርጎ ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት በደብረ ታቦር የሚጀምር ወጣት ሁሉ ምክሩ ከየትኛው ሰነድ እንደተወሰደ፣ መለኪያው ጥማድ ይሁን ሄክታር፣ የሚናገረውም ሰው ሳይሆን ማሽን መሆኑን ለደንበኛው በአማርኛ ሊነግረው ይገባል። ለመድኃኒት መጠን የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከመረጨቱ በፊት በቀበሌው የልማት ሠራተኛ ቢታይ ይመረጣል።