አብሮ ያልተማረ እንዴት አብሮ ያክማል?

ባለፈው ዓመት አክስቴን ላስታምም ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። ሐኪሙ ጠዋት መድኃኒቷን ቀየረላት፤ ካርዷ ላይም ጻፈው። ማታ የገባችው ነርስ ግን የድሮውን መድኃኒት ይዛ መጣች። «ተቀይሯል እኮ» ስላት «ለእኔ የነገረኝ የለም» አለች። አዲሱን ፍለጋ መድኃኒት ቤቱ ስሄድ ደግሞ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። ይህንንም ለሐኪሙ የነገረው አልነበረም።

ሦስቱም ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ሰው የሚያከብሩ ባለሙያዎች ናቸው። ክፉ ሰው አላየሁም። ያየሁት አንድ በሽተኛ እያከሙ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሰዎችን ነው። በመካከላቸው መልእክት ሲያመላልስ የዋለው እኔ ነኝ፤ የሕክምና እውቀቴ ደግሞ ከፓራሲታሞል አያልፍም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን «ሥነ ምግባር ጠፋ» እንላለን። እኔ ግን ጥያቄው የጠባይ ሳይሆን የትምህርት ይመስለኛል። እነዚህ ሰዎች አብሮ መሥራትን መቼ ተማሩ? ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ያለን ደግሞ እዚሁ አገራችን፣ ጎንደር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ መታው። ወደ 7,000 የሚገመት ሕዝብ አለቀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ተባብረውበታል። ጊዜውን ልብ በሉት። በአገሪቱ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1964 ነው።

ሐኪም በሌለበት አገር ገጠሩን ማን ያክመው? ጎንደር የሰጠው መልስ «አንድ ቡድን» የሚል ነበር። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ ማሠልጠን ጀመረ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ። በኋላ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖችም ተጨመሩ። ተማሪዎቹ በጤና ጣቢያዎች አብረው ይለማመዱ ነበር፤ ሲመረቁም የሚጠበቀው በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያ ገብተው እንደዚያው አብረው እንዲሠሩ ነው።

ለምን ሦስት አስፈለገ? ወባን እንውሰድ። ጤና መኮንኑ የታመመውን መርምሮ መድኃኒት ይሰጣል። ሳኒታሪያኑ ትንኟ የምትራባበትን ውኃ እንዲፋሰስ ካላደረገ ግን ያው ሰው በወሩ ተመልሶ ይመጣል። ነርሷ ቤት ለቤት ካልሄደች ደግሞ እናትየዋ መድኃኒቱን ለልጇ በትክክል መስጠቷን የሚያውቅ የለም። አንዱ ቢጎድል የሁለቱ ድካም ከንቱ ነው። ይህ ቀልድ እንዳልነበር በ1958 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

ነገሩን ለማሳመር አልፈልግም። ጎንደር እኩልነት የነገሠበት ገነት አልነበረም፤ የቡድኑ መሪ ጤና መኮንኑ ነበር። ሐሳቡም የተወለደው ከምርጫ ይልቅ ከችግር ነው። ቢሆንም መሪውም ተመሪውም ጤና ጣቢያ ከመድረሳቸው በፊት አንዱ የሌላውን ሙያ አይተው ነበር። ጤና መኮንኑ ሳኒታሪያኑ ምን እንደሚያውቅ ያውቃል። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ከማለት በፊት «ይህን ለማን ልንገረው?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው እንደዚህ ሲሆን ነው።

በ1970ዎቹ ነገሩ ተለወጠ። የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፤ የጎንደሩ ተቋምም በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እገዛ ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ተሸጋገረ። ሐኪም ማፍራት ያስፈልግ ስለነበር ውሳኔውን በጅምላ አልኮንንም። ጤና መኮንኑ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ግን ቡድኑ የተሠራበት ምሰሶ አብሮ ወጣ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን ማኅበረሰብ ተኮር አድርጎ ተነሳ። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ የሚወርዱበት «የቡድን ሥልጠና» ከጅማም ከጎንደርም ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። በ1990ዎቹ የጤና መኮንን ሥልጠናም ተመልሷል።

ዓለምስ? የዓለም ጤና ድርጅት «ለጤና አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር» የሚል መልእክት ያለው ሪፖርት ያወጣው በ1988 ነው። በ2010 ደግሞ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አንዱ ስለሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱም ከሌላው ጋር እንዲማሩ የሚመክር ማዕቀፍ አወጣ። ጎንደር በ1954 ከጀመረችው ጋር አስተያዩት። ዛሬ በየወርክሾፑ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርብልን ነገር ደምቢያ ላይ በሞት የተማርነው ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በቅርቡ ያናገርኳቸው ወጣት ተመራቂዎች የቡድን ሥልጠናውን በፍቅር ያስታውሱታል። አንዱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ዓመታት ለየብቻ ተምረን፣ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ተገናኘን። ስንግባባ አለቀ።» እኔ ነገሩ ይገባኛል። ለዓመታት በየዲፓርትመንቱ «እኛ» እና «እነሱ» እየተባለ ያደገ ተማሪ በሳምንታት ቡድን አይሆንም። ጎንደር ላይ ቡድኑ የኮሌጁ መሠረት ነበር፤ አሁን ማጠናቀቂያ ሆኗል።

ይህን ለመመለስ አዲስ ሕንፃም የውጭ ብድርም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አንድን በሽተኛ በጋራ እንዲከታተሉ ማድረግ ይቻላል። የሕክምና ተማሪው አንድ ሌሊት ከነርሷ ጋር ተረኛ ቢያድር፣ አንድ ቀንም መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቢቆም ብዙ ያያል። ፈተናውም ቢያንስ በከፊል የጋራ ይሁን፤ ተማሪ የሚያከብረው የሚፈተንበትን ነውና።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድር ግን በራሱ አያብርም፤ የሚፈትለው፣ የሚያዳውረው ሰው ይፈልጋል። አክስቴ ዛሬ ደህና ናት። የዳነችው ግን እዚያ ሌሊት ነቅቶ የሚጠይቅ ዘመድ ስለነበራት ነው። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የተኙት እናት ማንም አልነበራቸውም።

ቸር እንሰንብት።