ግንዱን ማን ያዙረው?

ጣውላ ሲገዙ ፊቱን ብቻ አይዩ፤ ጫፉንም ይዩ። የዛፉ የዕድገት መስመሮች የሚነበቡት እዚያ ነው። በአንዳንድ የአገራችን ዛፎች ላይ መስመሩ ደብዛዛ ቢሆንም ልብ ብሎ ለሚያይ ይታያል። መስመሮቹ እንደ ቅስት ጎብጠው ከተኙ ጣውላው ከግንዱ ዳር በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ነው። ቀጥ ብለው ከቆሙ ደግሞ መጋዙ ከቅርፊት ወደ ልብ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱ ጣውላዎች ከአንድ ዛፍ ሊወጡ ይችላሉ፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩት ግን ምህንድስና ስለሆነ ነገርዬው ከቁጥር ጋር ሲመጣ ይገባኛል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። ከልብ ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ትንሽ ይኮማተራል፤ ክቦቹን ተከትሎ በዙሪያው ደግሞ የዚያን እጥፍ ገደማ። ስለዚህ በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ጣውላ ሲደርቅ አንዱ ፊቱ ከሌላው ይበልጥ ይሳባል፤ ጣውላውም ይቆለመማል። ክረምት ላይ አልዘጋ፣ በጋ ላይ አልገጥም የሚለው በር ጠባዩን ያመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። መስመሩ የቆመ ጣውላ ግን ቢጠብም ቀጥ እንዳለ ይጠባል።

ይህን ለማወቅ መጋዝ አያስፈልግም ነበር። የድሮዎቹ በምሳርና በሽብልቅ ሲሠሩ እንጨቱ ራሱ ነግሯቸዋል። ግንድ በሽብልቅ ሲፈለጥ ስንጥቁ ክሩን ተከትሎ ይሮጣል፤ በልቡ በኩልም መከፈት ይቀናዋል። የስካንዲኔቪያ ቫይኪንጎች የመርከቦቻቸውን የኦክ ሳንቃ ያወጡት በመጋዝ ሳይሆን እንዲህ እየፈለጡ ነው። በካፋ ጫካም ከረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለው የግንድ ቀፎ የዚሁ የፈለጣና የመቦርቦር ጥበብ ልጅ ነው። ጉዳቱ ብክነቱ ነው፦ አንድ ወፍራም ሳንቃ ለማውጣት ብዙ እንጨት በጥርብ ፍላጭ ይቀራል።

ቋንቋችንም የዘመኑን መለወጥ መዝግቦታል። የድሮ ቤተ ክርስቲያን በር ስናይ «ሳንቃ» እንላለን፤ እንጨት መሸጫ ስንገባ ግን «ጣውላ» እንጠይቃለን። አራት ማዕዘኑ አግዳሚ ሞራሌ ነው፣ የተለበጠው ኮምፔንሳቶ ነው፣ ከመጋዙ ሥር የሚረግፈው ዱቄት ሰጋቱራ ነው። ሦስቱም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ዝም ብለው አልመጡም፤ በልክ የተሰነጠቀ እንጨት የሚፈልግ ከተማ ይዟቸው መጣ። የእንጨቱ ረሃብ ግን ከጣሊያን ወረራም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ካሰቡባቸው ምክንያቶች አንዱ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ማለቁ ነበር። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለማገር ደረሰ፤ ለሰፊ በርና ለቁም ሣጥን ግን ዋንዛ፣ ዝግባና ቀረሮ መፈለጋቸው አልቀረም። እነዚህ ዛፎች ደግሞ ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የቦንጋ ዙሪያ ጫካ ነው።

የቦንጋ አገር ዳገትና ሸለቆ ነው። አንድ ትልቅ የቀረሮ ግንድ ከዚያ ጎትቶ ለማውጣት መንገድና ማሽን ይጠይቃል። ሁለት ሰው የሚጎትተው ረጅሙ መጋዝ ይህን ችግር በአንድ ብልሃት ፈታው፤ ግንዱን ወደ መሰንጠቂያው ከመውሰድ መሰንጠቂያውን ወደ ግንዱ ወሰደው። ግንዱ በጉድጓድ አፍ ላይ፣ ወይም ዳገቱን ተደግፎ በተሠራ ቆጥ ላይ ይጋደማል። አንዱ ሰው ከላይ ቆሞ መስመሩን ይጠብቃል፣ መጋዙንም ወደ ላይ ይመልሳል። ሌላው ከሥር ሆኖ ወደ ታች ይስባል፤ ጥርሱ የሚበላው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሰጋቱራው የሚዘንበውም በዚህ ሰው ዓይን ላይ ነው። የተሰነጠቀው ጣውላ ከዚያ በትከሻም በአህያም ይወጣል።

ክሩን ያበላሸው እዚህ ላይ ያለው ስሌት ነው። ግንድን እንዳለ ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ፈጣን ነው። እንዲህ ሲሆን መስመራቸው የሚቆመው መሀል ላይ ያሉት ጥቂት ጣውላዎች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ይቆለመማሉ። ሁሉንም ደህና አድርጎ ለማውጣት ግንዱን አራት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ማዞር ያስፈልጋል። ኩንታሎች የሚመዝን ግንድ ማን ያዙረው? በጣውላ ቁጥር ለሚከፈለው ሰው እያንዳንዱ ማዞር የቀን ገቢውን ይቀንሳል። የሰንሰለት መጋዝ፣ በተለምዶ ቼይንሶው የሚባለው፣ ሲመጣ ደግሞ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ብክነቱም እንዲሁ። አንዱ ስንጥቅ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 10 ጣውላዎች ለማውጣት 9 ጊዜ መሰንጠቅ አለ፤ ይህም 7.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ጣውላ ሊሆን ምንም ያልቀረው እንጨት መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

ችግሩን ሌሎች እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቬርሞንትና በሜይን አካባቢ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቤት ግድግዳ ልባጥ ብቻ የተሠራ መጋዝ ነበር። ግንዱ በሁለት ጫፉ ተወግቶ ይያዛል፣ ክቡ መጋዝ ከቅርፊት ወደ ልብ አንዴ ይገባል፣ ግንዱ ጥቂት ይዞራል፣ መጋዙ ደግሞ ይገባል። ድፎ ዳቦ ከመሀሉ ወደ ዳሩ እንደሚቆረጠው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ ሆኖ ይወጣል፤ የሁሉም መስመር ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሽብልቅ ያውቀው የነበረውን መጋዙ መልሶ ተማረው። ለዚህ ግን ከመጋዙ በላይ ያስፈለገው አንድ ቦታ ረግቶ የመሥራት ዋስትና ነው።

እኛ ዘንድ የጠፋው ይኸው ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 አራት ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጣቸውን ከለከለ፦ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ። የካፋ ጫካ ቁንጮ የሆነው ቀረሮ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልተጠራም። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቦንጋ ላይ በፋርም አፍሪካና በኤስኦኤስ ሳህል ድጋፍ ደንን ከማኅበረሰቡ ጋር የማስተዳደር ሥራ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ በዩኔስኮ ተመዘገበ። ክልከላው ተገቢ ነበር። ዋንዛ ከሥሩ ቡና ያስጠልላል፣ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ እሱ ሲወድቅ የሚወድቀው እንጨት ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ክልከላው ገበያውን አላጠፋውም። ተደብቆ የሚሠራ መጋዝ ደግሞ ችኩል ነው። ግንዱን አያዞርም፣ ጣውላውን አያደርቅም፤ እርጥቡን ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የቆመ ዛፍ ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ አንዴ ጫካው ውስጥ ሲወድቅ፣ አንዴ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ በሩ ሲቆለመም። ከዚያ አናጢውን እንወቅሳለን፣ ሌላ በር እናዛለን፤ ሌላ ዛፍ ይወድቃል።

የኔ ሐሳብ ጫካው ለመጋዝ ይከፈት አይደለም። በቡና ማሳና በጓሮ ሰው ራሱ ተክሎ ያሳደገው ዋንዛ አለ። ያ ዛፍ ሲደርስ ባለቤቱ በቀን ብርሃን፣ በፈቃድ፣ ሳይቸኩል ቢያሰነጥቀው፣ ጥላ ሥር ከምሮ ቢያደርቀው፣ መስመሩ ለቆመው ጣውላ ገዢው ጥቂት ጨምሮ ቢከፍለው፣ አንድ በር የሁለትና የሦስት በር ዕድሜ ይኖረዋል። ያን ያህልም ዛፍ ጫካው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ለዚህ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ ግንዱን ለማዞር ጊዜ ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው።