«ሰው ያልደረሰበት» ዳርቻ

የሳፋሪ ማስታወቂያ ማንበብ እንወዳለን። ኪሳችን ባይፈቅድም ማንበብ አይከለከልም። ታንዛኒያ ውስጥ፣ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር፣ ከማሃሌ ተራሮች ግርጌ ስለሚገኙት ሎጆች የሚጻፈው ደግሞ ምራቅ ያስውጣል፤ አሸዋው፣ የሣር ክዳኑ፣ ከቁርስ በኋላ በእግር ወጥተው የሚያዩዋቸው የዱር ቺምፓንዚዎች። ፓርኩ ውስጥ የመኪና መንገድ የለም። በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚደረሰው። ታዲያ አንድ ሐረግ አይጠፋም፦ «ሰው ያልደረሰበት»።

እኛን የከነከነችን ይቺ ሐረግ ናት።

ሰውማ ደርሶበታል፤ ጦርነትም ሳይቀር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመኖች በ1913 አገራቸው የሠሩትን መርከብ ፈታተው፣ በሣጥን በሣጥን አሽገው፣ ኪጎማ ድረስ አምጥተው ገጣጠሙት። በ1916 ሲሸሹ ጠላት እጅ እንዳይገባ ሞተሩን ቅባት ለውሰው ራሳቸው አሰጠሙት። እንግሊዞች በ1924 ጎትተው አወጡት። በ1927 «ሊምባ» ተብሎ ሥራ ጀመረ፤ የዳርቻውን መንደሮች ሰውና ዕቃም ለአሥርት ዓመታት ሲያመላልስ ኖረ። ሰው የሌለበት ዳርቻ መርከብ ምን ያደርግለታል?

ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ መጡ። በ1960 የ26 ዓመቷ ጄን ጉዶል ከኪጎማ በስተሰሜን ጎምቤ ገባች። ብቻዋን አይሆንም ስለተባለች ከእናቷ ጋር ነበር የሄደችው (እናት ይዞ ዱር መግባት!)። እዚያው ቺምፓንዚ ቀጭን እንጨት ኩይሳ ውስጥ ሰድዶ ምስጥ ሲያጠምድ አየች፤ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው የሚለው እምነትም ተናጋ። በ1965 ደግሞ ጃፓናዊው ቶሺሳዳ ኒሺዳ ማሃሌ ደረሰ። ቺምፓንዚዎቹን ያላመደው በሸንኮራ አገዳ ነበር። ዛሬ ቱሪስቱን አይተው የማይሸሹት እንዲህ ዓይነቱ የዓመታት ሥራ ስለተሠራ ነው።

ከሁሉ ያስገረመን ግን የ1975ቱ ታሪክ ነው። በግንቦት ወር፣ በሌሊት፣ አርባ ያህል ታጣቂዎች ሐይቁን ተሻግረው ጎምቤ ላይ አራት ተማሪዎችን አፍነው ወሰዱ። የሎራን ካቢላ ሰዎች ነበሩ፤ አዎ፣ በ1997 የኮንጎ ፕሬዚዳንት የሆነው ካቢላ። ተማሪዎቹ በኋላ ተለቀቁ፤ የውጭ ተመራማሪዎቹ ግን ጣቢያውን ለቀው ወጡ። ያኔ ቺምፓንዚዎቹ እርስ በርስ እየተገዳደሉ ነበር፤ ከ1974 እስከ 1978 የዘለቀ፣ አንዱ ወገን ሌላውን የጨረሰበት ጦርነት። ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው በየቀኑ ጫካ እየገቡ መመዝገባቸውን የቀጠሉት ታንዛኒያውያን ረዳቶች ናቸው። ጄን ጉዶል በ2025 ስታርፍ ዓለም ሁሉ ስሟን አነሳ። የእነሱን ስም ከመካከላችን የሚያውቅ የለም።

ወደ ማሃሌ እንመለስ። ተራራው የባቶንግዌዎች አገር ነበር። ያርሱበት፣ ያጠምዱበት፣ ያመልኩበት ነበር። በ1985 ወደ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መሬት ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ነዋሪዎቹ ቀድመው እንዲነሱ ተደርገዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው ይታረምልን፤ ሰው ያልደረሰበት ሳይሆን ሰው የተነሣበት ነው። ቺምፓንዚዎቹ ጥበቃ አያስፈልጋቸውም ማለታችን አይደለም። የእኛ ጉንፋን እንኳ ይገድላቸዋል፤ ለዚህም ነው እንግዳው ጭምብል አጥልቆ፣ ራቅ ብሎ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚያያቸው።

በዚያች አንድ ሰዓት ከእንግዳው ፊት ፊት እየሄደ፣ የወደቀ ፍሬና የተሰበረ ቅጠል እያየ ዱካቸውን የሚያነበው ግን ብዙውን ጊዜ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው።