ድንበር ገፊ የሚቀጣባት የእንግሊዝ መንደር

በኖቬምበር መገባደጃ ገደማ፣ ስንዴው ተዘርቶ ሲያበቃ፣ የላክስተን ገበሬዎች ችካልና መዶሻ ይዘው ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ይዞራሉ። ከወል መንገዱ ወይም ከግጦሹ ዳር አንድ ትልም እንኳ ቆርሶ ያረሰ ከተገኘ ችካሉ ትክክለኛው ድንበር ላይ ይተከላል፤ ጥፋቱም ይመዘገባል። ከሳምንት በኋላ የመንደሩ ፍርድ ቤት ተሰይሞ ቅጣቱን ያጸናል። ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው። በጎረቤት ፊት ድንበር ገፊ መባል ግን ከገንዘቡ ይብሳል።

ላክስተን በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በኖቲንግሃምሻየር የምትገኝ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። የኖርማኑ ንጉሥ ድል አድራጊው ዊልያም በ1086 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባስመዘገበው ታላቅ የርስት መዝገብ ላይ ስሟ ሰፍሯል። ከመንደሩ በስተሰሜን ያለው የአፈር ጉብታ የኖርማን መኳንንት ምሽግ የቆመበት ነው።

ምሽጉ ፈረሰ፤ የእርሻው ሥርዓት ግን ዘለቀ። በመካከለኛው ዘመን አያሌ የእንግሊዝ መንደሮች የሚያርሱት አጥር የሌላቸውን ሰፋፊ ማሳዎች ነበር፤ እያንዳንዱ ማሳ እንደ መቀነት በረዘሙ ቀጫጭን ቁራሾች ይከፋፈላል። ለሙም ጭንጫውም ለሁሉም እንዲደርስ የአንዱ ጭሰኛ ቁራሾች በየማሳው ተበታትነው ይገኛሉ። የላክስተን ሦስት ማሳዎች የምዕራብ፣ የወፍጮና የደቡብ ማሳ ይባላሉ። አንዱ ስንዴ ሲይዝ ሁለተኛው በጸደይ የሚዘራ ሰብል ይይዛል፤ ሦስተኛው ጦሙን ያድራል። በየዓመቱም ይፈራረቃሉ። አዝመራው ሲነሳ ከብት በቃርሚያው ላይ በጋራ ስለሚሰማራ ማንም ደስ ባለው ጊዜ ደስ ያለውን ሊዘራ አይችልም። ፍርድ ቤቱም ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ ይህን ሁሉ ቁራሽ በቁራሽ በካርታ አሰፈረው። ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ይህ ካርታ ከመሬት ልኬት ያለፈ ነው፤ አራሹ ከነጥማዱ፣ አጫጁም ከነአዝመራው ተስለውበታል። ስለ ተራ ገበሬ እምብዛም በማይጻፍበት ዘመን የተሠራ በመሆኑ እንደ ውድ ቅርስ የማየው ነው።

ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ፓርላማው በሺዎች በሚቆጠሩ አዋጆች የወል ማሳዎች ታጥረው ለግል እንዲከፋፈሉ አደረገ። በብዙ ቦታ ምርት ጨመረ። ነገር ግን አንዲት ላሙን የሚያሰማራበት ያጣ ድሃ ከመንደሩ ተነቀለ፤ ይህን ዋጋ የታሪክ ጸሐፊዎች አቅልለው ሊያልፉት አይገባም። የላክስተንም መሬት ከፊሉ ታጥሯል። ሦስቱ ማሳዎች ከተረፉባቸው ምክንያቶች አንዱ መሬቱን የተካፈሉት ባላባቶች፣ ኧርል ማንቨርስና ኧርል ስካርብሮ፣ ለማጠር በሚያስፈልገው የቁራሾች ልውውጥ አለመስማማታቸው ነበር።

በ1952 የእርሻ ሚኒስቴር መሬቱን ከማንቨርስ ርስት ገዛው፤ በ1981 ወደ ዘውዱ ርስት ተላለፈ። በ1977 የወጣ ሕግ የእንዲህ ያሉ ጥንታዊ የመንደር ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ግን በስም ጠቅሶ አስቀረላት። በ2020 መሬቱ የማንቨርስ ወራሾች ለያዙት ለቶረስቢ ርስት ተሸጧል። ባለቤቱ ቢለዋወጥም ችካሉን የሚተክሉት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። በትንሽ እርሻ መኖር ግን እየከበደ፣ የአራሾቹም ቁጥር እየሳሳ ነው፤ ለላክስተን ከአዋጅና ከገዢ ይልቅ የሚያሰጋት ይኸው ነው።