ጣና ከጸደይ እስከ መስከረም፤ ስለ ዓሣ ማጥመድ ወቅትና ዘዴ ታሪካዊ ጥናት

በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ዓሣን የሚያውቀው ከገበያና ከምግብ ቤት ነው። ክፍለ ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ቢሆንም፣ በየመንገዱ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ስለሚቀበል አጥማጅን የሚያጓጓ ውሃ አይደለም። ዓሣው የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከአባያና ከጫሞ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ከጣና። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ ፋሲካ ሲውል ሰው ሁሉ ወደ ሥጋ ቤት ይመለሳል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኛ ግን ወደዚያ አንገባም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ከተሜው ዓሣን በወቅት የሚፈልግ መሆኑ ብቻ ነው።

ዓሣም በበኩሉ ወቅት አለው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የጣና አጥማጅ ዓሣው መቼና ወዴት እንደሚሄድ ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ይህ ዕውቀት ለብዙ ዘመን ሐይቁን እምብዛም ሳይጎዳ የኖረው መሣሪያው ደካማ፣ ገበያውም ቅርብ ስለ ነበረ ነው። መሣሪያውና ገበያው በተለወጡ ጊዜ ግን ያው ዕውቀት ለዓሣው መጥፊያ ሆነ። ጣና የተመረጠው ስለ አጥማጆቹም ስለ ዓሦቹም የተጻፈው መረጃ ይህን ለመመርመር የሚበቃ ስለሆነ ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲበልጥ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ አማካይ ጥልቀቱም 8 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋና ገባሮቹ ሲሆኑ የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ይህን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከተቀረው የዓባይ ተፋሰስ ተለይተው ለብቻቸው ኖረዋል።

ጸደይ ስንል ስለ የትኛው ወቅት እንደምንናገር መግለጽ ያስፈልጋል። በዛሬ አነጋገር ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው የአደይ አበባን ወራት ነው። በአበው የዘመን አከፋፈል ግን ያ መጸው ሲባል፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው የበልግ ጊዜ ነው፤ እኛም የምንከተለው ይህንኑ ነው። በጸደይ የጣና ውሃ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ ይላል። ዳርቻው ይሸሻል፤ የደንገሉ ሥር ይታያል። ቆሮሶ ከዳር ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ይገኛል፤ ወንዱ በአሸዋው ላይ እንደ ሳሕን ያለ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፣ ሴቲቱም የተዳቀለውን እንቁላል በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ለጠራቢ አጥማጅ ይህ የተመቸ ጊዜ ነው፤ ከዳር ሳይርቅ በመንጠቆና በወጥመድ ይሠራል። አምባዛ ደግሞ ዝናቡ በርትቶ ሜዳው በጎርፍ ሲሸፈን ለመራባት ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ይወጣል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ነው። በሳይንስ ላቢዮባርበስ ይባላል። የጀርመኑ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ወደ ሀገራችን መጥቶ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች ከገለጸ በኋላ ሊቃውንት ስለ ቁጥራቸው ሳይስማሙ ቆይተዋል። ሩፔል ካወጣላቸው ስሞች አንዱ ጎርጓሪ ነው፤ አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ ለመገመት አይቸገርም። ጣሊያናዊው ጆርጆ ቢኒ በ1940 ብዙ ዓይነት ናቸው ብሎ ጻፈ። እንግሊዛዊው ባኒስተር በ1973 አብዛኞቹን በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናጌልከርከና ሲቢንግ የአጥማጆቹን አለያየት ጭምር ሰምተው፣ የዓሦቹን አካልና አኗኗር ለክተው፣ 15 የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውን አሳዩ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌለው የዚህ ቤተሰብ ዓሣ አዳኝ መሆኑ በሌላ የዓለም ክፍል እምብዛም ያልታየ ነገር ነው። በጣና እንደዚህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሆነው የተከፈሉ የካርፕ ወገን ዓሦች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ሳይጠፉ የቀሩ አልታወቁም።

ከነዚህ ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ሰኔ ወጥቶ ሐምሌ ሲገባ፣ የወንዞቹ ደራሽ ሐይቁን ሲያደፈርስ፣ በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። እዚያ ቆይተው የጎርፉ ኃይል ጋብ ማለት ሲጀምር በሌሊት ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጥሩና ፈጣን ውሃ ያለበትን ጠጠራማ ገባር ነው፤ እንቁላሉ በጭቃ ከተሸፈነ ኦክሲጅን አጥቶ ይሞታልና። በጉማራ ወንዝ የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ አንዱ ዓይነት ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ይፈራረቃሉ። እንግዲህ አንድ ሰው በወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ቢቀመጥ፣ በሰፊው ሐይቅ ተበታትኖ የነበረው ሁሉ በየተራው ወደ እርሱ ይመጣል ማለት ነው።

ይህን ነገደ ወይጦ ያውቁ ነበር። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች ጉማሬ አዳኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ያገልሏቸው ነበር፤ እርሻ መሬትም አልነበራቸውም። የራሳቸው የነበረው ቋንቋ ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ ከቋንቋው ጋር ስንት የዓሣና የውሃ ስም እንደ ሄደ ማሰብ ያሳዝናል። ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺስማን ሐይቁን ዙሪያውን ለክቶ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነርሱና ስለ ታንኳቸው ጽፏል።

ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ እየታሰረ ይቀጣጠላል። ተሠርቶ ሲያልቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ማዕበል በተነሣ ጊዜ ከዳር ርቆ መሄድ አያስችልም። መሣሪያውም እንዲሁ ነበር፤ መንጠቆ፣ ከቀጭን እንጨትና ከሸምበቆ የተሠራ ወጥመድ፣ ቅርጫት፣ በጠባብ ወንዝ ላይ የሚታጠር አጥር። አንድ ቤተሰብ በዚህ የሚይዘው ለራሱ ቀለብና ለቅርብ ገበያ የሚበቃውን ነው። ባለ ታንኳው ከወንዙ አፍ ቢደርስ እንኳ ክረምቱ ራሱ ይከለክለዋል።

ነገር ግን የቀድሞውን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ መሣል ታሪክ አይሆንም። ብርብራ አለ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ሲበተን ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ዓሣው ገልብጦ ሲንሳፈፍ ይለቀማል፣ ሥጋውም ይበላል። በሰፊው ሐይቅ ብርብራ ከንቱ ነው። እናት ዓሦች በተሰበሰቡበት ትንሽ ገባር ውስጥ ግን ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ለጉዳቱ ምክንያት ከቈጠሯቸው አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ «ጥንታዊው ዘዴ ሁሉ ገር ነበረ» የሚለው አባባል በሐይቁ ላይ እውነት፣ በወንዙ ላይ ሐሰት ይመስለኛል።

ባሕር ዳር በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1963 ፖሊቴክኒክ ተቋም ካገኘች በኋላ ከተማነቷ እየሰፋ ሄደ፤ ዓሣ የሚገዛ ሰውም በዚያው ልክ በዛ። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በ1986 ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና ከሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆነው የጣናን ዓሣ ሀብት የማልማት ፕሮግራም ጀመሩ። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረብ መጡ። ይህ መረብ እንደ ግድግዳ በውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ዓሣው ጭንቅላቱን አስገብቶ በስንጥቡ ይያዛል። አሳቡ በጎ ነበር፤ ድሃው አጥማጅ ገቢ እንዲያገኝ፣ ሕዝቡም ዓሣ እንዲበላ። ውጤቱም በቶሎ ታየ፤ በ1987 39 ቶን የነበረው የዓመቱ ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። ለአዲስ አበባ ገበያ የሚላከው ዓሣ በበረዶ ተጭኖ መውጣት ቻለ። ከዚያ ወዲህ የዓሣ ቋንጣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስድ ንግድም ተጨመረ፤ ይህኛው ገበያ የኛን የጾም ወራት አይጠብቅም።

ሞተር ያለው ጀልባ ክረምትን አይፈራም። የት እንደሚሄድም አጥማጁ አስቀድሞ ያውቃል፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ አፍ። ነሐሴና መስከረም ነጭ ዓሣ የሚበዛባቸው ወራት ሆኑ፤ የሚያዘውም እንቁላል የተሸከመው ነበር። በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረገው ንጽጽር ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ከሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን፣ ገና ያላደጉት ደግሞ ከዚያም ይበልጥ መመናመናቸውን አሳየ። ይህ የተፈጥሮ መለዋወጥ ይሆን ብለው ደ ግራፍና ባልደረቦቹ መርምረዋል። በሐይቁ ውስጥ የሚራቡት ዓይነቶች እንደዚያ አለመጉዳታቸውና ጉድለቱ በጫጩቶቹ ላይ መበርታቱ ወደ ሰው እጅ አመለከታቸው። እኔም ፍርዳቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ሐይቁ አንድ ሆኖ ሳለ የተጎዳው ወንዝ የሚወጣው ብቻ ከሆነ ምክንያቱ በወንዙ አፍ መፈለግ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ችግሮች ተደርበዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ከ1996 በኋላ የውሃው ከፍታ በሰው እጅ ገባ፤ በ2003 ሐይቁ ከመጠን በላይ ጎደለ፣ ደንገሉም ተጎዳ። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። የአሸዋ ማውጣትና የመስኖ ግድብ የዓሣውን የመራቢያ ጠጠር ይነካሉ። ዓይኑ የጠበበ ቀጭን የፕላስቲክ መረብም ገብቷል።

ሕግ አልታጣም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። ተመራማሪዎች ደጋግመው የጠየቁት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ከመረብ እንዲያርፍ ነው። ለአዲስ አበባ በላተኛ ይህ የሚከብድ አይመስልም፤ ብርቱው የጾም ገበያ በየካቲትና በመጋቢት ነው፣ ከዓሣው ጉዞ ጋር የሚገጥመው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ ነው። የሚከብደው ለአጥማጁ ነው። መሬት ያለው የፎገራ ገበሬ በእነዚያ ወራት መረቡን ሰቅሎ ወደ ሩዝ ማሳው ሊመለስ ይችላል። መሬት የሌለው የነገደ ወይጦ ቤተሰብ ግን የሚመለስበት ማሳ የለውም፤ አፉ ቢዘጋ የሦስት ወር ቀለቡን ማን እንደሚሸፍን በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም።