የደጋ ሐይቆችና እንግዳ ዓሦች፦ ትራውት ምን ይበላል? ምንስ ይለውጣል?

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅና ከጊንጪ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የደንዲ ሐይቅ በቀድሞ እሳተ ገሞራዎች አናት ላይ የተፈጠሩ የደጋ ውኃዎች ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ውኃቸው ቀዝቃዛ በመሆኑ ለትራውት የተመቹ ይመስላሉ። ይሁንና ትራውት በገባባቸው የዓለም የተራራ ሐይቆች የታየው ውጤት አስቀድሞ ሊጤን የሚገባው ነው።

ትራውት የኢትዮጵያ ተወላጅ ዓሣ አይደለም። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ከሰሜን አሜሪካና ከሰሜን ምሥራቅ እስያ ወንዞች፣ ቡናማው ትራውት ደግሞ በዋናነት ከአውሮፓ የመጣ ነው። ቡናማው በ1905 (እ.ኤ.አ.) ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ተወሰደ። በኢትዮጵያ ትራውት በይበልጥ የሚታወቀው በባሌ ተራሮች ሲሆን፣ ወደ ወይብ፣ ዳንካና ሻያ ወንዞች የተለቀቁት ዓሦች ከኬንያ የመጡ ናቸው። ዓላማውም በዋናነት በመንጠቆ ለሚያጠምዱ መዝናኛ መፍጠር ነበር።

ትራውት ሥጋ በል ነው። አድፍጦ፣ በዓይኑ እያየ ያድናል። ዋነኛ ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚያድጉ የነፍሳት እጮች ሲሆኑ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ የእንቁራሪት እጭ እንዲሁም ከነፋስ ጋር መጥተው ውኃው ላይ የሚወድቁ ነፍሳትን ይመገባል። ሰውነቱ ሲገዝፍ ትናንሽ ዓሦችን፣ የራሱን ዘር ጭምር፣ ይውጣል። በዓይኑ የሚያድን በመሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቁት ጎልተው የሚታዩት ናቸው። ከእነዚህም አንዷ የውኃ ቁንጫ ናት። የውኃ ቁንጫ አልጌን እየበላች ሐይቁን የምታጠራ ፍጥረት ስለሆነች፣ እርሷ ስትመናመን አልጌው ይበዛል፤ ውኃውም ሊደፈርስ ይችላል። ክንፍ አውጥተው ከውኃ የሚነሡት ነፍሳት ሲቀንሱ ደግሞ በእነርሱ የሚኖሩት ወፎችና የሌሊት ወፎች ምግብ ያጣሉ።

በተራራ አናት የሚገኙ ሐይቆች ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮ ዓሣ የላቸውም፤ ከታች የሚመጣ ዓሣ ፏፏቴውንና ገደሉን አልፎ ሊደርስባቸው አይችልም። ይህ ግን ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ለዚህ በሚገባ የተጠና ምሳሌ ናቸው። አብዛኞቹ ሐይቆች ዓሣ አልነበራቸውም፤ ኋላ ላይ ግን የትራውት ጫጩት በአውሮፕላን ሳይቀር ተረጨባቸው። በዚያ የሚኖረው ባለ ቢጫ እግር እንቁራሪት ግልገሉ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ በውኃ ውስጥ ስለሚቆይ፣ በበጋ የማይደርቅና በክረምት እስከ ታች የማይበርድ ጥልቅ ሐይቅ ይፈልጋል። ትራውትም የሚኖረው በእነዚሁ ሐይቆች ነው። እንቁራሪቱ ከብዙ ስፍራ ጠፋ። ተመራማሪዎች ከአንዳንድ ሐይቆች ትራውቱን በመረብ ለቅመው ሲያወጡ ግን እንቁራሪቶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደገና በዝተው ታዩ። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው የቲቲካካ ሐይቅም በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትራውት ከገባ ወዲህ አንድ የአገሬው ዓሣ ዝርያ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ትራውት እንደሆነ ይታመናል።

በአገር ውስጥ ያለው ተነጻጻሪ ታሪክ የሌላ ዓሣ ነው። በወሎው የሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ የተለቀቀው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ እጅግ ጥርት ያለው ውኃ ጥራቱን ያጣ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ይህን ከጥቃቅን የውኃ እንስሳት መመናመን ጋር ያያይዙታል። በአንጻሩ ዓሣው ለአካባቢው ሕዝብ ምግብና ገቢ ሆኗል፤ ይህም ጥቅም የሚናቅ አይደለም።

ለወንጪና ለደንዲ ሦስት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛው መራባት ነው። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠር ላይ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነው። በሐይቁ ቢኖርም ገባር ጅረት ካላገኘ ዘሩን መተካት ስለማይችል ጫጩት በየጊዜው እየተገዛ መጨመር ይኖርበታል። ሁለተኛው ወደ ታች መውረድ ነው። ከደንዲ የሚወጣው ውኃ በሁሉቃና በጉደር በኩል ወደ ዓባይ፣ ከወንጪ የሚወጣው ደግሞ በዋልጋ በኩል ወደ ኦሞ ተፋሰስ ያመራል። ሐይቁ ላይ የተለቀቀ ዓሣ በሐይቁ ብቻ ይቀራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሦስተኛው መመለስ አለመቻሉ ነው። የሴራ ኔቫዳዎቹ በመረብ የጸዱት ትናንሽ በመሆናቸው ነው፤ የወንጪ ጥልቀት ግን ከ100 ሜትር ያልፋል።

ዓሣ ማርባት ለሚሹ አርሶ አደሮች በጓሮ የሚቆፈር ኩሬ የተሻለ አማራጭ ነው፤ መውጫው በወንፊት ሽቦ ከተዘጋ ዓሣው ወደ ወንዝ የማምለጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ትራውት ግን ለዚህ አስቸጋሪ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃና ዋጋው ውድ የሆነ፣ ፕሮቲን የበዛበት መኖ ይፈልጋል። ቆሮሶ ደግሞ በብርድ ቦታ ዕድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ጫጩት ከመግዛት በፊት የኩሬውን ውኃ ሙቀት በጠዋትና በከሰዓት መለካት፣ ውጤቱንም ይዞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ማማከር ያስፈልጋል።