በአሌክሳንድሪያ ወደብ የነበረው የእንግዳ ማረፊያ

ለማኅበራችን ስብሰባ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ በወረድኩ ቁጥር በሮያልና በካሜሮን መንገዶች ጥግ ባለው የጡብ ቤት በኩል አልፋለሁ። ለዓመታት ተራ ምግብ ቤት ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሕንፃ ነው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1785 ገደማ፣ ሆቴሉ በ1792 ተሠሩ። ሆቴሉን ያሠራው ጆን ዋይዝ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ጋድስቢ ከ1796 እስከ 1808 አስተዳደረው። የፖቶማክ ወደብ ቅርብ በመሆኑ ነጋዴውም ፖለቲከኛውም ያርፍበት ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1798 እና በ1799 ለልደቱ በተሰናዳው የዳንስ ምሽት እዚሁ ተገኝቷል።

ስሙ የቀረው የጋድስቢ ነው። ቤቱን በጉልበታቸው ካቆሙት መካከል ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ብዙዎቻችን በዚህ አገር ሆቴሎች አልጋ አንጥፈን፣ ሳህን አጥበን ኖረናልና ነገሩ ያንገበግበኛል። እኛ፣ ቢያንስ ሲያንስ፣ ደመወዝ ነበረን፤ ሲበቃንም ትተን መሄድ እንችል ነበር።

በ1917 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዳንስ አዳራሹን የእንጨት ሥራ ገዝቶ ወሰደ። ቤቱ ራሱ እንዳይጠፋ በ1929 ገዝተው ያዳኑት የአካባቢው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት ናቸው፤ እንደኛው መዋጮ የሚያውቁ ሰዎች። ከ1976 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

ለቀጣዩ ስብሰባ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከመጣችሁ አብረን እንግባ። ጥግ ላይ ያለውን የጥንት የበረዶ ማስቀመጫ ጉድጓድ ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆናችሁም ታዩታላችሁ።